ለመኝታ ከረጢትሽ የሰፋሁት ገበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከሱቄ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ

ከሰው ርቃ ከደመና ጋር ለተጎራበተችው፣ ለፌንጣዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? አፍንጫሽስ አለ? ባለፈው ደብዳቤሽ «አጎቴ፣ ጠዋት ስነሳ አፍንጫዬ የእኔ አይመስለኝም» ብለሽኝ ስለነበር አስቀድሜ የእሱን ደህንነት ልጠይቅ ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዋም ደህና ናት። እንደ እኔ ታጉረመርማለች እንጂ ሥራ አታቋርጥም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እናትሽ በጠና ታማለች፣ ልቧ ነው፣ ቶሎ ድረሺ ብዬ እንድጽፍልሽ ታዝዣለሁ።

አልታመመችም። ደብዳቤ ስታነቢ መስመር እንደምትዘዪ ስለማውቅ ደግሜ ልጻፈው፤ አልታመመችም። ይህን ስጽፍልሽ ከመንገዱ ማዶ ከጋዝ ሻጩ ጋር ቆማ ስትከራከር በመስኮቴ አያታለሁ። ሲሊንደሩ ጎድሏል ነው የምትለው። መጉደሉን ለማሳየት ራሷ ብድግ አድርጋ እየነቀነቀችው ነው። ዛሬ በዚህ መንደር ልቡን የሚያመው ሰው ካለ ጋዝ ሻጩ ነው።

ያዘዘችኝ ቅዳሜ ዕለት ነው። አንቺ የብርዱን ወራት እዚያው ተራራ ላይ እንድትቆዪ፣ የምንጭ መለኪያዎቹም ኃላፊ እንድትሆኚ አለቆችሽ መጠየቃቸውን፣ መልስ የምትሰጪውም እስከ ወሩ መጨረሻ መሆኑን የጻፍሽላትን ደብዳቤ በእጇ ይዛ ገባች። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለልጅህ ነዋ!»

ስታጠፊ የእኔ ልጅ ነሽ፤ ስትሸለሚ የእሷ። ስለዚህ አንድ ጥፋት እንዳለ ወዲያው ገባኝ።

«ራስሽ አትጽፊላትም?»

«የእኔን እጅ ጽሑፍ ካየች አታምንም። በጠና የታመመ ሰው ራሱ አይጽፍም።»

«ማነው በጠና የታመመው?»

«እኔ።»

«ምንሽን?»

«ልቤን» አለችና እጇን ደረቷ ላይ በቀኝ በኩል አሳረፈች።

«ልብ በግራ በኩል ነው» አልኳት።

እጇን አሻገረች። «ይኸው። ከሐሳብ ብዛት ዞሮብኝ ነው። ጻፍ!»

አትፍረጂባት። «ልጄ ተራራ ላይ ምንጭ ትለካለች፤ ምንጩ ደግሞ ካለበት የት ይሄዳል?» እያለች በሥራሽ ስትቀልድ ሰምተሽ ይሆናል። እንዲህ የምትለው ሰው ፊት ነው። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ የመጀመሪያ ሥራዋ መስኮት ከፍታ እጇን ወደ ውጭ ማውጣት መሆኑን ግን አታውቂም። እጇን ትንሽ አቆይታ ታስገባና «እዚህ እንዲህ ከሆነ እዚያማ!» ትላለች። ከዚያ መስኮቱን ዘግታ ማንንም ሳታናግር እሳት ታቀጣጥላለች።

ለእሷ ስለ ሥራሽ ጻፍሽላት፤ ለእኔ ደግሞ ስለ ብርዱ። ደግ አደረግሽ። የብርዱን ነገር ለእሷ ጽፈሽላት ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ በእግሯ መንገድ ጀምራለች። «ባልደረባዬ ከመኝታ ከረጢቷ ውስጥ ሌላ ቀጭን የጨርቅ ከረጢት ከታ ትተኛለች። እሷ ታንኮራፋለች፤ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ትሰፋልኛለህ?» የምትለዋን መስመር ሳነብ ደረቴ ተነፋ። ለጭነት መኪና፣ ለገበያ ድንኳን፣ ለእህል መጋዘን ሸራ የሰፋ ሰው ለአንዲት ፌንጣ ገበር ያቅተዋል?

አቃተው። የመጀመሪያውን ገበር የሰፋሁልሽ ውኃ ከማያስገባ ሸራ ነው።

አትሳቂ። ቀጭኑ፣ ለዝናብ ልብስ የሚሆነው ዓይነት ነበር። ስፌቱን ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ የመርፌውን ቀዳዳ ሁሉ በማስቲሽ ደፈንኩ፣ አፉ ላይ እንደ መኪና ሸራ የነሐስ ቀለበት መታሁበት። ውኃ ሞልቼ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት፤ ጠብ አላለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአንድ ጠላት ጋር ስዋጋ ኖሬያለሁ፤ እሱም ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ውኃ ነው። ብርድንም የዚያው ዘመድ አድርጌ ቆጠርኩት። መግቢያ ካሳጣሁት ምን ያመጣል? አልኩ።

ሳልሞክረው ደግሞ ልልክልሽ አልፈለግሁም። ጎረቤቴ ጡረተኛው ሾፌር በሥራ ዘመኑ በረዷማ መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ ሲያድር የሚተኛበትን ከረጢት ከቁም ሳጥን አውጥቶ አዋሰኝ። ገበሩን ከተትኩበትና ተሸክሜው ወደ ፍራፍሬ ነጋዴው ጓደኛዬ ሄድኩ። ማቀዝቀዣ ክፍሉን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ገብተሽ ፖም ሰርቀሽ ጆሮሽን የተያዝሽበት ነው።

«እዚህ ልተኛ ነው» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ከቤት አስወጡህ?»

«የፌንጣን ገበር ልሞክርላት ነው። ብርድ እፈልጋለሁ።»

«ብርድ ከሆነ የፈለግኸው የሚስቴ እናት ሳሎን አይሻልህም? ትናንት ሄጄ እስካሁን አልሞቀኝም።»

በብርቱካንና በፖም ሣጥኖች መካከል ተጋደምኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ልዩ ነበር። ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ የገባሁ ያህል ሞቀኝ፤ እንዲያውም ዘፈንኩ። ከዚያ ላብ መጣ። ላቡ መውጫ የለውም፤ መውጫውን ሁሉ በገዛ እጄ፣ በማስቲሽ ደፍኜዋለሁ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። እርጥበቱ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ከረጢቱን ልከፍት ስል ዚፑ አገጬ ሥር ነክሶ ያዘኝ።

በዚህ መካከል የሻይ ቤቷ ባለቤት ብርቱካን ልትመርጥ ገባች። ጥጉ ላይ የተጋደመ ሰው የሚያህል ጥቅልል አየች። ዝም ብል ይሻል ነበር። እኔ ግን ትረዳኝ ይሆናል ብዬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና «እባክሽ ከዚህ አውጪኝ» አልኳት።

እስከ ዛሬ ብርቱካን የምትገዛው ከሌላ ቦታ ነው። ፍራፍሬ ነጋዴው ይህን በቀን ሁለት ጊዜ ያስታውሰኛል።

ሾፌሩ ከረጢቱን ስመልስለት ውስጡን በእጁ ዳሰሰና እርጥበቱ ሲነካው ሣቀ።

«ውኃ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ይመስልሃል? ሰው ራሱ ምንጭ ነው እኮ» አለኝ። «ተኝቶም ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። ያ እርጥበት መውጫ ካጣ ተመልሶ የሚያቀዘቅዘው ባለቤቱን ነው። እኛ ለስላሳ አንሶላ እንደ ከረጢት ሰፍተን ነበር የምንከተው። አንሶላው ሙቀት ከሰውነት አጠገብ ይይዛል፤ እርጥበቱን ግን ያሳልፈዋል። የሚተነፍስ ጨርቅ ነው የሚያስፈልጋት።»

ዕድሜ ልኬን ውኃን ሳውቀው የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ከውስጥም እንደሚመጣ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ፌንጣዬ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ስለ ምንጭ ስትማሪ እኔ ስለ ዝናብ ብቻ ተምሬያለሁ።

ሁለተኛው ገበር ይኸው ዛሬ አልቋል። ፍላኔል ነው፤ ሕፃን የሚታቀፍበት ዓይነት ለስላሳው። ኋላ ታጥበሽው እንዳያጥርብሽ ከመስፋቴ በፊት ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ አጥቤዋለሁ። ርዝመቱ ከቁመትሽ በአንድ ክንድ ይበልጣል። ስፋቱን አላሳነስኩትም፤ ስትተኚ እንደምትገለባበጪ ከአንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ የተኙ የአክስትሽ ልጆች ሁሉ ይመሰክራሉ። አፉ ላይ የሚሳብ ገመድ አለው። እስከ አንገትሽ ሳቢው፤ ፊትሽን ግን ውጭ ተዪው። በርዶኛል ብለሽ ራስሽን ከትተሽ ውስጡ እንዳትተነፍሺ፤ ትንፋሽሽ ያርሰዋል። ጠዋት ጠዋት ገልብጠሽ አናፍሺው። ቀን የዋልሽበትን ካልሲ ለብሰሽ አትግቢበት፤ ደረቅ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ለዪ። እንዲህ ካደረግሽ ዋናው ከረጢት ሳይቆሽሽ ይከርማል፤ የሚታጠበው ገበሩ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምነግርሽ የማያውቅ ሰው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የተማረው ስለሆነ ጥሩ አድርገሽ ስሚው።

ወደ እናትሽ ትእዛዝ ልመለስ። «በጠና ታማለች፣ ልቧ ነው፣ ቶሎ ድረሺ» በል ስትለኝ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ልጽፈውም ነበር፤ ምክንያቱም እኔም እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ያንቺን ሳቅ ሳልሰማ የብርዱን ወራት ማሳለፍ ለእኔም ቀላል አይደለም። እጄን ያስቆሙኝ ቃላቱ ናቸው። ቀድሞ አንብቤያቸው አውቃለሁ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰርከስ ጋር እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ስለ ዝሆኑና ስለ ሰካራሙ ገመድ ተራማጅ መቼም አሰልችቼሻለሁ። መጀመሪያ የድንኳን ካስማ መቺ ነበርኩ። ሸራ መስፋትን ማንም አላስተማረኝም። የተቀደደ ድንኳን ነበር፣ መርፌ ነበር፣ እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት የድንኳኑ ኃላፊ አደረጉኝ። ሰርከሱ ባሕር ሊሻገር አንድ ሳምንት ሲቀረው ከቤት ደብዳቤ መጣልኝ። «እናታችን በጠና ታማለች፣ ልቧ ነው፣ ቶሎ ድረስ» ይላል።

ሁለት ቀን በአውቶቡስ እያለቀስኩ መጣሁ። ግቢው በር ላይ ስደርስ እናታችን መሰላል ላይ ቆማ የጣሪያውን አሸንዳ በመዶሻ ትመታለች። ዞር ብላ አየችኝ። «ምን ሆነህ መጣህ? አባረሩህ?» አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ መታመሟን ሁሉም ሲሰማ እሷ አልሰማችም።

እህቴ፣ እናትሽ ማለቴ ነው፣ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች። ስታየኝ ሳፋውን እንዳቀፈች መሬት ላይ ተቀመጠች። አንጀቴን በላችው። ያን ዓመት አባታችን ሞቶ ነበር፤ ቤቱ ከእሷ ትከሻ ላይ ወድቋል፤ እኔ ደግሞ ዝሆን እየተከተልኩ ነው። ለእናታችን «ፈቃድ ወስጄ ነው» አልኳት። ለእህቴ ምንም አላልኳትም። እሷም ምንም አላለችኝም። ተመልሼ ልሄድ ስል ሰርከሱ ባሕር ተሻግሯል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

አልቆጭም ብልሽ ውሸት ነው። ሕይወቴ ተበላሸ ብልሽም ውሸት ነው። ባልመጣ ኖሮ አንቺን ማን ያሞላቅቅሽ ነበር? የሚቆረቁረኝ መቅረቴ አይደለም። ምናልባት ብጠየቅ ኖሮ በገዛ ፈቃዴ እመጣ ነበር፤ «ብቻዬን ነኝ፣ ፈርቻለሁ፣ ና» ብትለኝ ኖሮ ድንኳኑን ጥዬ የምመጣ ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝማ!

አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ። መምጣት ትፈልጊያለሽ ወይስ መቆየት? መምጣት ካማረሽ ነይ፤ በሩ ክፍት ነው። መቆየት ካማረሽ ቆዪ። ገበሩን የሰፋሁት ለዚሁ ነው፤ ብርዱ እንዳይወስንልሽ። እናትሽም እኔም እንዳንወስንልሽ።

እናትሽን እንዳትጠያት ደግሞ አደራ። ያኔ ፈርታ ነበር፤ አሁንም ፈርታ ነው።

ቆይ፣ እየመጣች ነው። ጋዝ ሻጩን አሸንፋዋለች መሰለኝ፤ ሌላ ሲሊንደር አስይዛ ወደ ቤቷ ልካዋለች።

ረቡዕ፣ ከቀትር በፊት

ትናንት ወረቀቱን ሸራ ሥር ደበቅሁት። ገባችና «ጻፍክ?» አለችኝ።

«እየጻፍኩ ነው።»

«ልብ አልክ?»

«አንቺ ያልሽውን ነው የምጽፈው።»

ትንሽ አሰበች። «ልብ አትበላት። ትደነግጣለች፤ መንገዱ ገደል ነው። የደም ግፊት በላት።»

«የደም ግፊት በጠና ታማለች ያስብላል?»

«ኃይለኛ ነው በላታ! የሰርከስ ወሬ ስታወራ ለማጋነን ማን ይብስሃል?»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገና ሱቁን ከመክፈቴ መጣች። የደም ግፊቱም አላስተኛትም። «ጉልበቷን ነው፣ ደረጃ መውጣት አቅቷታል በላት» አለችኝ። ደረጃ የለንም አልኳት። «አንተ ጻፍ እንጂ ደረጃውን እሷ ልትቆጥረው ነው?» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሳምረህ ጻፈው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ሰው እንዴት እንደሚሆን አንተ መቼም...» አለችና ምላሷን ዋጠች።

እኔ መርፌ ላይ ክር መሰካት ጀመርኩ። መርፌው ክር ነበረው።

ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ከታጠፈው ፍላኔል ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፌንጣ ገበር ነው። የመኝታ ከረጢቷ ውስጥ የምትከተው።»

«ይበርዳታል እንዴ?»

ይህን ነገር አልነገርናትም ነበር፤ ይቅርታ፣ ከአፌ አመለጠ። «ትንሽ» አልኳት።

ተነሥታ ገበሩን ዘረጋችው። ከአፉ ጀምራ እስከ ታች በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች። አንዳች ነገር የጠፋባት ይመስል ስፌቱን ሁሉ ዳሰሰችው። እግሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ አንድ እጥፍ ብቻ?»

«ምን አለው?»

«እግሯን አታውቀውም? ከተወለደች ጀምሮ በረዶ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በሁለት ጭኔ መካከል አቅፌ ነው ያስተኛኋት። አንድ እጥፍ ምን ያደርግላታል?»

«ትመጣ የለም እንዴ?» አልኳት። «እስክትመጣ ላለው ጥቂት ቀን ሁለት እጥፍ ምን ያደርጋል?»

ገበሩን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችና «ሥራ ከተሠራ በደንቡ ይሠራ» ብላ ይዛው ሄደች።

ሐሙስ፣ ወደ ማታ ገደማ

የስንቅ መኪናችሁ ነገ ጠዋት ስለሚነሳ ዛሬ ማሸግ አለብኝ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ እያስተናገድኩ በሩን አያለሁ። ገበሩን ይዛ ትቀራለች ብዬ ሠግቼ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይዛው መጣች።

የእግሩን በኩል ፈትታ እንደገና ሰፍታዋለች። ከውስጥ ወፍራም የሱፍ ኪስ ገብቶበታል፤ ሁለቱም እግርሽ ባንድ ላይ የሚገባበት። ሱፉን ሳየው አወቅሁት። ግራጫው ሹራቧ ነው፤ ማንንም የማታስነካው፣ አባትሽ የገዛላት። ጀርባውን ቆርጣዋለች። ስፌቱ ከእኔ ስፌት ያምራል፤ ይህን ለእሷ እንዳትነግሪያት።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ።

«ጉልበቷን አሟታል፣ ደረጃ መውጣት አቅቷታል።»

«ጉልበቱንም ተወው። ምንጭ ስትለካ ስለ ጉልበቴ እያሰበች ድንጋይ ላይ ብትንሸራተትስ? ሳል በል።»

«ኃይለኛ ሳል?»

«ሁለት ቀን ያሳለኝ በል። አሁን ትቶኛል በል።»

«እህት ዓለም፣ ለተወ ሳል ማን ከተራራ ይወርዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ደፉ ላይ ቆማ መንገዱን እያየች፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

«ከሰርከሱ ጋር ብትሄድ ኖሮ፣ የት ትደርስ ነበር?»

ጀርባዋን ነው የማየው። ያንን ሹራብ ባለመልበሷ ትከሻዋ ጠቦ ነበር፤ በጣም ጠቦ ነበር።

«የት እደርሳለሁ! የሚቀጥለው ከተማ እንኳ አንደርስም ነበር» አልኳት። «ድንኳኑ አርጅቶ ነበር። አንድ ነፋስ ቢመጣ ዝሆኑም እኛም ሜዳ ላይ ነበርን።»

ሣቀች። ረጅም ሣቅ ነው የሣቀችው፤ መጨረሻው ላይ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ሳትዞር «ነይ ብለህ አትጻፍባት» አለችኝ። «ኃላፊ ሁኚ ካሏት ትሁን እንጂ! ብቻ እግሯን እስከ ኪሱ ድረስ ታስገባ። ብርዱ ሲያልፍ፣ ያን ጊዜ ከፈለገች ትምጣ» ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ የታዘዝኩትን እነሆ በታማኝነት እጽፋለሁ፤ እናትሽን ሁለት ቀን አስሏት ነበር፣ አሁን ትቷታል።

ለአንቺ ግን አልዋሽሽም። ድንኳኑ ደህና ነበር። እያንዳንዷን ስፌት እኔው ነበርኩ የሰፋኋት፤ ምንም ነፋስ አይቀደውም ነበር።

ሌሊቱ ይጥራልሽ፣ ውኃሽ ይብዛ፣ እግርሽ ይሙቅ። ደህና እደሪልኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ፣
ሸራ ሰፊው